አባትሽ ጆንያ አላነሳም

አዳማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለቤዚ፣

እንደምን ከረምሽልኝ የኔ ዓለም? የሕክምና ትምህርቱ እንዴት ይዞሻል? የጅማ ዝናብስ አልበረታብሽም? እኛ ደህና ነን እያልኩ መዋሸቱ ሰልችቶኛል። ስልክ ስደውል አባትሽ ከጎኔ ስለማይጠፋ በወረቀት ጻፍኩልሽ፤ ጎረቤታችን ጂቱ ታደርስልሻለች።

ጆንያ ሲያነሳ ወገቡ ተቀጭቶ እግሩ ደከመ ያልንሽ ውሸት ነው። ወገቡንስ በእርግጥ አሞት ነበር። የዕድር ዳኛ አይደል፣ ቀብር ሊሄድ ተቻኩሎ "ዘርፉ፣ የማስታገሻ መርፌውን ቶሎ ውጊኝና ልሂድ" አለኝ። ተኛ ብለው እምቢ! ጋቢውን እንኳ ሳያወርድ ሱሪውን ጥቂት ዝቅ አድርጎ ቆመ። አርባ ዓመት በጤና ረዳትነት ሰው ስወጋ የኖርኩት እናትሽ፣ መርፌ ያለ ጉዳት የሚወጋበትን የመቀመጫውን የላይኛ የውጭ ሩብ ሳልለይ በግምት ወጋሁት። "ኧረ እግሬ! እስከ ጣቴ አቃጠለኝ!" ሲል መርፌውን መንቀል ነበረብኝ። "ደግሞ ልጅ ሆንክ" ብዬ መድኃኒቱን ጨረስኩት። ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ነው።

ከዚያ ወዲህ የቀኝ እግሩ መዳፍ ወደ ላይ አልነሳ አለ። ነጠላ ጫማው እየወለቀ መንገድ ላይ ይቀርበታል።

ለሐኪሙም ጆንያውን ነገረው እንጂ ስለ መርፌው ትንፍሽ አላለም። "ሰፈሩን ሁሉ ስትረዳ ኖራ ስሟ በእኔ አይጠፋም" ብሎ እኔንም አስማለኝ። ሐኪሙ በምስል የአከርካሪ ዲስክ መንሸራተት አየና የወገብ ቀዶ ሕክምና ቀጠረለት። ቤዚዬ፣ ባልተጎዳበት ቦታ ሊቀደድልሽ ነበር እኮ!

ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ። ሐኪሙ ፊት "እኔ ነኝ የጎዳሁት" አልኩ። አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ዶክተር፣ አይስሟት! ስለምትወደኝ ነው በራሷ ላይ የምትዋሸው።"

ሐኪሙ ግራ ገባው። አስተኛውና "የቱ ጋ ነው የወጉት?" አለኝ። ጣቴን አስቀምጬ ጫን ሳደርግ አባትሽ ጮኸ። "ወደ እግር የሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ የሚያልፍበት ቦታ ነው" አለ ሐኪሙ። ቀዶ ሕክምናውን ሰርዞ የነርቭ ምርመራና የእግር መደገፊያ አዘዘለት። ነርቭ በቀን ቢያድግ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከዓመት በላይ ሊፈጅ፣ ጨርሶም ላይመለስ ይችላል አለን።

ስንወጣ ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ክንዴን ያዘና "ቀስ በይ እንጂ፣ እኔ እንደ ድሮው አልፈጥንም" አለኝ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልኝ። በሽተኛሽ "አመመኝ" ሲልሽ፣ እባክሽ ልጄ፣ እመኚው።

እናትሽ ዘርፉ