ልጄን ስለሸለሙልኝ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በየማለዳው ሰልፍ ላይ የተሸላሚ ስም ሲጠሩ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ ሰርተፍኬት ሲፈርሙም ቀኝ እጅዎ እንዳይዝል ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለችው ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ባለቤት፣ የሰባተኛ ክፍሏ ተሸላሚ አባት ነኝ። ባለፈው ወር መድረኩ ሥር ጨብጠውኛል፤ ከእጄ የተጋባብዎትን የፀጉር ብናኝ ወዲያው በመሀረብ ሲጠርጉ ስላየሁ ይረሱኛል ብዬ አልሰጋም።

የምጽፍልዎት ላመሰግንዎት ነው። ትምህርት ቤታችን ያልተቆጠረ ነገር እንደማይቀበል ስለማውቅም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የመልካም ባህሪ ነጥብ የሚባለውን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ድሮ ልጆቹ ሲጋፉና ሲሰዳደቡ ደንበኞቼ እንኳን ይረበሹ ነበር፤ አሁን በመስኮቴ እንደማየው አንዱ ወረቀት ይጥላል፣ ጓደኛው መምህር እስኪያልፍ ጠብቆ ያነሳለታል፣ በማግስቱ ደግሞ ተራ ይቀያየራሉ። እንዲህ ያለ መተሳሰብ በእኛ ጊዜ አልነበረም።

2ኛ. ነጥቡ ስለሚሞላበት ቅጽ አመሰግናለሁ፤ ቀን፣ የረጂ ስም፣ የተረጂ ስም፣ የተረጂ ፊርማ። ይህን ለማድነቅ ግን የሁለቱን ልጆች ነገር ማወቅ ያስፈልግዎታል።

ልጄና በግቢያችን የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የሚሄዱት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ አንድ እግሯ አልታዘዝ ስላላት በክራንች ትሄዳለች፤ አንደበቷ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ሰፈሩም «ጠበቃዋ» ይላታል። የእኔዋ ደግሞ ትንተባተባለች። ስለዚህ ልጄ የጠበቃዋን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ ትሄዳለች፣ ጠበቃዋ ደግሞ ለሁለት ታወራለች። ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ሲል፣ ልጆች የልጄን መንተባተብ ሲያስመስሉባት፣ መልሱ የሚመጣው ከጠበቃዋ ነው። ከሁለቱ ማን ረጂ ማን ተረጂ እንደሆነ ለስድስት ዓመት የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም አያውቁትም ነበር። ቅጽዎ ግን በአንድ መስመር ለያቸው።

3ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናውን ከእርስዎ ጋር እንድካፈል ይፈቀድልኝ። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅጹን አልሞላችም። ይህን ያወቅኩት ዳቦ ጋጋሪው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የልጁን ነጥብ ሲያወራልኝ ነው፤ መቀሴ ጆሮው ላይ ቀጥ አለ። ማታ ልጄን ባፋጥጣት «አ... አልረዳትም እኮ አባዬ፣ አብረን ነው የምንሄደው» አለችኝ። ይህን የሰማ አባት ልጁን ስሞ ይተኛል። እኔ ግን በነጋታው ሽርጤን እንኳን ሳልፈታ ቢሮዎ ገብቼ «ልጄ ስድስት ዓመት ሙሉ የአካል ጉዳተኛ ቦርሳ ስትሸከም ነጥቧ ዜሮ ነው?» አልኩዎት።

«የአካል ጉዳተኛ» የሚለውን ቃል ለጠበቃዋ ያወጣው የእኔ አፍ ነው። በአራት ዓመቷ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ፣ ማሽኑን ፈርታ ስትጮህ እየዘፈንኩ ፀጉሯን ያስተካከልኩላትን ልጅ፣ ስም እንደሌላት አድርጌ ጠራኋት።

እርስዎም ቸርነትዎ ብዙ ነውና የኋላውን ሁሉ እንቆጥርላታለን አሉ። ጠበቃዋ ከክፍል ተጠርታ መጣች፣ ክራንቿን ከጠረጴዛዎ ጋር አስደግፋ የሦስት ሳምንቱን ቦታ አንድ በአንድ ፈረመች። አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔም የጠበቃዋን ዝምታ እንደ ጨዋነት ቆጥሬ፣ በልቤ «የተማረች ልጅ» አልኩ።

4ኛ. ለሽልማቱ ቀን አመሰግናለሁ። ልጄን ከመድረኩ መሃል፣ ጠበቃዋን ደግሞ ከጎኗ «ለማስረጃ» አቆሟቸው። ከዚያ ማይክራፎኑን ለልጄ ሰጥተው «እስቲ ጓደኛሽን መርዳት ምን ስሜት ይሰጣል?» ብለው ጠየቋት። ልጄ «እ... እ...» ብላ ቀረች። ስምንት መቶ ተማሪ መሳቅ ጀመረ። ዞር ብላ ጠበቃዋን አየቻት፤ ልማዷ ነው፣ እንዲህ ሲሆን መልስ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጠበቃዋ መሬት መሬት ታያለች። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሰችላትም። እኔስ? እኔ ከፊት ወንበር ላይ ቆሜ በስልኬ እቀርጻለሁ፣ «አይዞሽ፣ ተናገሪ!» እያልኩ።

5ኛ. ከዚያ ወዲያ ስላገኘነው ሰላም አመሰግናለሁ። ጠበቃዋ በማግስቱ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ብቻዋን ቀድማ ወጣች፣ እንዲሁ በየቀኑ። ለነጥብ ሲሉ ቦርሳዋን ሊነጥቋት የሚሻሙ አምስት ልጆች መንገድ ላይ ይጠብቋት ስለነበር፣ ጭራሽ በኋላ በር መግባት ጀመረች። ልጄ ቤት ውስጥ ሰላምታ እንኳን ነፈገችኝ።

አሥራ አንድ ቀን ቆይቼ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። እናትየው ቀና ሳትል የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩና፣ ቦርሳው ከባድ ስለነበር ልጄ አዝናልሽ ነው እንጂ አልኩ። እሷም በእርጋታ፣ «ጋሼ፣ ቦርሳዬ እኮ ሁለት ደብተር ነው። እሷ እጇ ባዶ ሲሆን ይብስባታል፤ የምታቅፈው ነገር ስታገኝ ቃሉ ይቀላታል። ለዚህ ነው የምሰጣት» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ አባቷ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አሳድጌያታለሁ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ የስፌት መኪናው መቆሙን ብቻ አስታውሳለሁ።

የሰማሁትን ለልጄ ነገርኳት። በነጋታውም ብቻዋን ቢሮዎ መጥታ ነጥቤ ይሰረዝ ብላ እንደጠየቀችዎት ያስታውሳሉ። የሚናገርላት ሰው አልነበረም፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሩብ ሰዓት እንደፈጀባት ጸሐፊዎ ነግራኛለች። እርስዎም በትዕግሥት ሰምተው፣ መሰረዝ በደንቡ ስለሌለ አዝናለሁ ብለው፣ በትሕትና ለመናገሯ አምስት ነጥብ ጨመሩላት። ይህን 6ኛ ብዬ ላመሰግንዎት አስቤ ነበር፤ ቃል አነሰኝ።

አሁን ሁለቱም በእኩል ሰዓት ይወጣሉ። የየራሳቸውን ቦርሳ ይዘዋል፤ ልጄ እርምጃዋን ታሳጥራለች፣ ጠበቃዋም አትቀድምም። ትናንት ሱቁ ጋ ሲደርሱ ልጄ ራሷ ስትጠይቅ፣ ጠበቃዋም እስክትጨርስ ድረስ ባለሱቁን በዓይኗ ስትገስጸው አየሁ። ወጥቼ ልጠራቸው ፈልጌ ከበሬ ተመለስኩ። ምን መብት አለኝ?

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚህን ሁለት ልጆች ማንም መልካም ናችሁ እንዳይላቸው መመሪያ ያውጡልኝ። እኔን በተመለከተ፣ በምሳሌነት የሚጠቀሱ ወላጅ ብለው ለመጪው ስብሰባ ንግግር እንዳደርግ ጋብዘውኛል፤ ይህ ደብዳቤ ንግግሬ ነው።

የትምህርት ቤቱን ጸጥታ ከመስኮቱ የሚያደንቅ፣ ከልጁ ፊት ቀና ብሎ መቆም ያቃተው፣
ትሑት ጎረቤትዎ ፀጉር አስተካካዩ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንድለጥፍ ብጠይቅ ማኅተም የለውም ስላሉኝ፣ በፀጉር ቤቴ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ተማሪዎች ክፍል በሚገቡበት ሰዓት እርስዎ መጥተው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ነጥብ ግን አይያዝልዎትም፤ የሚያይዎት ሰው አይኖርምና።