ሁለቱ መስመሮቼ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ከትናንት ጀምሮ አልታየም። ቤት ውስጥ እኔና እህቴ ዘነበች። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እኔ ስልኬ ላይ ነኝ።

ሶኔት የሚባለውን የፈረንጅ ግጥም የምንማርበት የቴሌግራም ቡድናችን የዚህ ሳምንት ሥራ፦ የራሳችሁን ጻፉ። አሥራ አራት መስመር። አሥራ ሁለቱ ነገሩን ይዘው ይመጣሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቆርጡታል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁ ነኝ፤ ያነበብኩት ሁሉ ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። ይህ ግን ወዲያው ገባኝ። ስለ ታላቅ ወንድማችን ስለ ጋሼ ታደሰ ጻፍኩ። ልጆቹን እንዳሳድግለት ከት/ቤት አስወጥቶ ሳጉሬ ከተማ፣ ቤቱ የወሰደኝ እሱ ነው። መቁረጫዬ፦

ደብተሬን ነጥቀህ ልጅ ያሳዘልከኝ፣
ዛሬ ሲመሽብህ ይቅር በይ አትበለኝ።

ለመ/ር ሄኖክ ላክሁ። ቡድኑን የሚመራው እሱ ነው፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አስተማሪ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

አሁንም ዝናብ። ደብተሬ፣ ተቃጥያለሁ! መ/ር ሄኖክ ግጥሜን በሚያምር ድምፁ አንብቦ ለቀቀው። በስሜ። መጨረሻው ግን፦

ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ።

እኔን? ምን አድርጌው? ልጁን ስላዘልኩለት?

ቡድኑ በሙሉ አበባ ይልካል። ለመምህሩ በግል ጻፍኩለት። እትዬ፣ ቂም ግጥም አያሳምርም፣ ትንሽ አለሰለስኩት አለኝ። አለሰለሰው! ማንን ጠይቆ?

የባሰው ደግሞ፣ ዘነበች ሰማችው። እልል አለች። «አፍ የሌለሽ፣ በስልክ አፍ አወጣሽ!» ዕቃ ሳጥብ ለጋሼ ደውላለታለች። እሁድ ጠዋት ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ለዕርቅ። ኧረ እኔ አላልኩም ብላት፣ «ታዲያ ማን ነው ያለው? ሰው ሁሉ ሰምቶታል!»

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጭጋግ። ዘነበች ከጎረቤት ወንበር ትዋሳለች። አላናግራትም።

ሽማግሌ ፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ይጠይቃሉ። ሴቷ አንገቷን ትደፋለች። ዝምታዋ እሺ ተብሎ ይቆጠራል። ይመረቃል። አለቀ።

ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብያለሁ። ነገም ዝም ካልኩ ያ የመምህሩ መስመር የእኔ ሆኖ ይቀራል።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

አባርቷል። ጋሼ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ዘነበች፣ እኔ። ጋሼ ከዘራ ይዟል፤ አርጅቷል። ወንበር ሰጠሁት። ሻይ ቀዳሁለት።

ትልቁ ሽማግሌ ይቅር ብለሻል ወይ አሉኝ። ተነሣሁ። ሁለቱን መስመሮቼን አነበብኩ፣ እኔ የጻፍኳቸውን። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በቋንቋቸው በኦሮምኛ ደገምኩላቸው። ቤት አልመታም፤ ግን ገባቸው። ዘነበች «አንቺ! አዋረድሽን!» አለች። ስልኬን አንስቼ፣ እዚያው እንደቆምኩ፣ ያንኑ በገዛ ድምፄ ለቡድኑ ላክሁ።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። ደብተሬን ነጥቀኸኛል ወይ አልኩት።

ጫማውን እያየ ዝም አለ።

ዝምታውን እንደ አዎ ቆጠርኩት።