ከፊት ወይስ ከኋላ

ውድ ጋሼ፣

ወንበርህ ላይ ዛሬም ሰው አላስቀመጥኩም። ደንበኛ ሲበዛ ፎጣ ጣል አደርግበታለሁ፤ ተይዟል ብለው ያልፉታል።

በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባኝ ነገር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ አፌ አልታዘዘልኝም።

የደንበኛ ፀጉር ስትቆርጥ መቀስ ከእጅህ እየወደቀ ሲያስቸግርህ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶ እያመለከተ አስረዳን። ዕጢው አንገትህ ውስጥ፣ ከሕብለ ሰረሰሩ ፊት ለፊት ተለጥፏል።

"ከፊት ከገባሁ መንገዱ ቀጥታ ነው" አለህ። "የአየርና የምግብ ቧንቧውን ገለል አድርጌ፣ አጥንቱን ከፍቼ፣ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ አወጣለሁ። በከፈትኩት ቦታ አጥንትና ብረት እተካለሁ። ግን የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው በዚያ ነው። ድምፅዎ ሊሻክር ይችላል። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ላይመለስም ይችላል። ከኋላ ከገባሁ ድምፅዎን አልነካም። ግን ሕብለ ሰረሰሩ በእኔና በዕጢው መካከል ይሆናል። እሱ ደግሞ አይገፋም። በጎን የደረስኩበትን ያህል ነው የማወጣው። የሚቀር ይኖራል፤ እጅም ሊደክም ይችላል።"

"እርስዎ ቢሆኑስ፣ ዶክተር?"

"ከፊት።"

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። "ከፊት የሚመጣው አራጅ፣ ከኋላ የሚመጣው ማጅራት መቺ" አልክና ሳቅክ። "እሱም ምርጫ ሆኖ!" ከዚያ ሳቅህን አቁመህ "አንተስ ምን ትላለህ?" አልከኝ። ምክር የጠየቅከኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

"ከኋላ" አልኩህ። "ሰው የሚመጣው ለፀጉሩ መሰለህ? ለጨዋታህ ነው። ድምፅህ ከሄደ ምን ቀረህ?"

"እውነትህን ነው።"

እውነቴን አልነበረም። ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ አንተ ታወራለህ፣ እኔ እቆርጣለሁ። ጨዋታ አላውቅም። ዝም ባለ ቤት ከደንበኛ ጋር ብቻዬን መቅረትን ፈራሁ። ይኸው ነው።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት ነርሷ ማጅራትህን ልትላጭ መጣች። "ተይው እህቴ፣ እኛ ቤት ይህ በዘር ነው" አልካትና ምላጩን ለእኔ ሰጠኸኝ። "ቀጥ አድርገው፤ ሐኪሞቹ ፊት እንዳታዋርደኝ።" ላጨሁህ። መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት አቁሜህ፣ እንደ ልማዳችን ትንሿን መስታወት ከኋላህ ያዝኩልህ።

"ጥሩ ነው" አልክ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቀዋለህ። ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ቀረ። ቀኝ እጅህ መቀስ መያዝ ተወ። አንተ ግን በየጠዋቱ ፀጉር ቤታችን እየመጣህ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ ታወራ ነበር። አንድ ቀን ለምቆርጠው ደንበኛ በአገጭህ እያመለከትከኝ "አፌን ያተረፈልኝ ይሄ ነው" አልክ። የሰውዬውን ጆሮ በመቀሱ ጫር አደረግኩት። "የእሱን ጆሮ ደግሞ ሊያስቀርብኝ ነው!" ብለህ ቤቱን በሳቅ ሞላኸው።

የቀረው ዕጢ አድጎ ተመለሰ። ሐኪሙ አሁን በየትም በኩል አይሆንም አለ። በመጨረሻው ሳምንት ለመናገር የሚሆን ትንፋሽ አጠረህ። ያተረፍኩልህ አፍ ዝም አለ።

ቤቱም አሁን ዝም ብሏል። ደንበኞቹ ግን አልቀሩም። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ዝም ብለው ተቆርጠው ይሄዳሉ። የፈራሁት ይህን ነበር። ዝምታው ይቻላል፣ ጋሼ። አንተን የሰጠሁት ለሚቻል ነገር ነው።

ያን ጠዋት መስታወቱ ውስጥ ያየኸው ማጅራትህን ብቻ ነው። ከጀርባህ ፊቴን ብታየው ኖሮ ሁሉን ታውቅ ነበር፤ ፊት በማንበብ ማን አክሎህ። ትንሿን መስታወት ከልማዳችን ከፍ አድርጌ የያዝኳት ለዚያ ነው።

ታናሽ ወንድምህ፣
ባለ ሁለተኛው ወንበር