የኦቦ ሁሴን ጥቁር ማር

መጋቢት 2 ቀን 1951፣ ረቡዕ። ጭጋግ፤ ጭላሎ አይታይም። ጠጅ ቤቱ በር ላይ የነበርነው፦ ባለቤቷ እትዬ አስካለ፣ ባለጋሪው ተፈራ፣ ማር ሻጩ ኦቦ ሁሴን፣ ጠጅ ጣይዋ እኔ።

ደብተሬ፣ ኦቦ ሁሴን ዛሬ ያመጡት ማር አላማረኝም። በኅዳር ያመጡልን የአደይ አበባ ማር ቢጫ ነበር። የዛሬው ጥቁር። የግራዋ አበባ ነው ይላሉ። የተቃጠለ ስኳር መሰለኝ። ሁዳዴ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። እንደ ወጉ ሻጩ ይቅመስ አልኩ። ጣታቸውን ወደ ማሰሮው ሰደድ አድርገው መለሱት።

«ዛሬ አልቀምስም፣ አዴ በላይነሽ።»

ተፈራ ሳቀ፦ «የራሱን ማር የሚፈራ ሰው አየሁ!»

ስኳር አለበት አልኩ፤ ሁሉም እየሰማ። ማሰሮውን ትተው ሄዱ። እትዬ አስካለ ቅዳሜ ለሌሎቹ ጠጅ ቤቶች እነግራለሁ አሉ። ከተናገሩ ሰውየው አሰላ ውስጥ ማር አይሸጥም። ጠጅ የምጥለው እኔ፣ የሚታመነው የኔ ምላስ።

10 ሰዓት። ከማሰሮው በስኒ ቀድቼ ያመጣሁትን ማር ቀመስሁ። መጨረሻው ይመራል። ግራዋም ይመራል፣ ያረረ ስኳርም ይመራል። ንጹሕ ከሆነ ለምን አልቀመሱም?

መጋቢት 3፣ ሐሙስ። ፀሐይ። ከሱቅ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አወጣሁ። የማር መልክና ኃይል እንደ አበባው ይለያያል፣ ጠቆር ያለው ማር የተቀባ ነገር በአየር እንዳይበላሽ ይበልጥ ይከላከላል ይላል። ወረቀት ያለውን ሁሉ አላምንም። የተላጠ ድንች አየር ሲያገኘው ይጠቁራልና፣ ድንች ልጬ አራት ቦታ ቆረጥሁ። አንዱን እንዲሁ ተውኩት። አንዱን በአደይ ማር፣ አንዱን በኦቦ ሁሴን ማር፣ አንዱን ራሴ ባሳረርኩት ስኳር ቀባሁ። ከምሳ ሰዓት በኋላ አጠብኳቸው። ያልተቀባው ጠቁሯል። ባለ ስኳሩ ተከተለው። የአደዩ ጫፉ ቡናማ። የኦቦ ሁሴን ነጭ!

ግማሽ ማር፣ ግማሽ ስኳር ቢሆንስ? ድንቹንም ጠረጠርሁ። ደግሜ ቆረጥሁ። ያው።

ጎረቤቴ ዘይነባ መጣች። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። ጨረቃ እኮ ማክሰኞ ማታ ታየች፣ ረመዳን ትናንት ገባ አለች። አልሰማሽም ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

ትናንት። ረቡዕ። እኔ በጾሜ አልቀምስ ብዬ እሳቸውን በጾማቸው ቅመሱ አልኳቸው። ለምን አልነገሩኝም? ምናልባት ማወቅ ነበረባት ብለው። እሳቸውን ስጠረጥር ራሴን አንዴ እንኳ አልጠረጠርኩም።

መጋቢት 4፣ ዓርብ። ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። በሁለት ሰዓት ጠጅ ቤት ደረስሁ። ተፈራ ፈረሱን ጋሪው ላይ ይጠምዳል። እሱም እትዬ አስካለም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ተናገርሁ፦ ማሩ ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ጾመኛ ነበሩ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ ወገባቸውን ያዙ።

«የትኛዋን በላይነሽን ልመን? የረቡዕዋን ወይስ የዓርቧን?»

የዓርቧን አልኩ። እስኪያስቡበት አልጠበቅሁም። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠብሁ፣ አለቀለቅሁ። ማሰሮውን አንስቼ ማሩን በሙሉ ገለበጥሁት። ውሃ ጨመርሁ፣ በእጄ በጠበጥሁ። ከእንግዲህ አይመለስም፤ ጠጁ ከተበላሸ ስሜ ነው የሚበላሽ። ተፈራ፣ ወደ ኦቦ ሁሴን አገር ወደ ሳጉሬ ነኝ፣ ለሳቸው መልእክት ካለ ላድርስ አለ። የለም አልኩ። እጄን ታጠብሁ፣ ባዶውን ማሰሮ አቀፍሁ፣ ጋሪው ላይ ወጣሁ።