ያላስተረጎምኩልህ ሁለት መስመር

ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ መኳንንት፣

ወገብህ እንዴት ነው? ትራኩ ላይ የሚይዝህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ትራስ ደርበህ ነው የምትነዳው? ከተፋታን አምስት ዓመት ሞልቶን ይህን መጠየቄ ቢገርምህ አልፈርድብህም። እኔ ደህና ነኝ። ነርሲንግ ሆሙ በመጨረሻ የቀን ሽፍት ሰጠኝ። ያን ትተኸው የሄድከውን አሮጌ መኪናም ሸጥኩት፤ የገዛው ሰው ሬድዮው ለምን ከአንድ ጣቢያ አይወጣም ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ጠጋኙ የቀድሞ ባሌ ማኪኒ ከተማ ነው ያለው፣ እሱን ጠይቅ» አልኩት። ጎረቤታችን የነበረው ዘማርያም ደግሞ ሦስተኛ ልጁን ክርስትና አስነሣ። ድግሱ ላይ ስላንተ የጠየቀኝ ሰው ብዛቱ! ሰዉ መፋታታችንን ገና አልሰማም መሰለኝ።

ለምን ቴክስት አላደረግሽም ትል ይሆናል። አብሮ ያለው ወረቀት በእጅህ እንዲገባ ፈልጌ ነው። ሀሩን ከመንገድ ስትመለስ ይሰጥሃል፤ ምን እንደያዘ አያውቅም፣ አልጠየቀኝምም። ጓደኛ ማለት እሱ ነው።

ሶ፣ ወደ ነገሩ ልምጣ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬን ስከፍት ባለቤትህ ዊንታ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ከተጋባችሁ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔና እሷ ሰላምታችን ባንገት ብቻ ነበር። ለጠብ መጣች ብዬ ቁልፌን ጨበጥኩ።

«አገርዬ፣ አትቆጪኝ፤ ያንቺ በሽታ እኔንም ያዘኝ» አለችኝ።

«የቱ በሽታ?»

«የመካንነቱ ነዋ።»

ከአገር ቤት ኪኒን አስልካ እየዋጠች ነው፤ ያለ ሐኪም። ፊቷን ያቃጥላታል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ዓይኗ አንዳንዴ ብዥ ይላል። እማማ እናትነሽ ደግሞ በስልክ «የልጄ ዕድል ምን ዓይነት ነው፣ ሁለተኛዋም?» ይሏታል። ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ።

«ሐኪም ዘንድ ሂጂ እንጂ!»

«ማክሰኞ ግሬፕቫይን ያለው ክሊኒክ አፖይንትመንት አለኝ።»

«እሱስ ይመረመራል?»

ሳቀች። «እሱማ ድሮ ተመርምሮ ነፃ ነው ተብሏል። አንቺው አይደለሽ እንዴ ያስተረጎምሽለት?»

የመኪናውን በር ተደገፍኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «አብረሽኝ ግቢ፤ እንግሊዝኛዬ ለሐኪም አይሆንም። የክሊኒኩ አስተርጓሚ ሐበሻ ከሆነ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ማኪኒ ይገባል። አንቺ ቃሉን ሁሉ ታውቂዋለሽ።»

መኳንንት፣ እኛስ እንዲሁ አልነበር ያልነው? ነርሷ አስተርጓሚ በስልክ ላገናኛችሁ ስትል፣ «የለም የለም፣ ሚስቴ አለች» አልካት። የምናውቀው ሰው ቢሆንስ ብለን ነው። በአንተና በሐኪሙ መካከል ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ለዚያ ቀን ቃላቱን ደብተር ላይ ጽፌ ነበር ያጠናሁት። ማህፀን፣ ቱቦ፣ እንቁላል፣ ሆርሞን። ሁሉም የሴት። የወንድ አንድም ቃል አልጻፍኩም፤ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረማ። ሐኪሙ በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ያውቃል ወይ ሲል ጠየቅኩህ። በአሥራ አራት ዓመትህ እንደያዘህ፣ እናትህ ጉንጭህን ጥላሸት ቀብተው ትምህርት ቤት እንደላኩህ እየሳቅህ አወራኸኝ። ሐኪሙ አልሳቀም። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና ሁለት ነገር ተናገረ። አንተ ፊቴን ፊቴን ታያለህ።

«ምን አለ?»

«ያንተ ደህና ነው። ችግሩ ከእኔ ነው» አልኩህ።

ስንመለስ በአንድ እጅህ እየነዳህ በሌላው እጄን ያዝከኝ። እስከ ቤት አልለቀቅከውም። እኔም በሰው ፊት አንገትህን ከምትደፋ እኔ ልድፋ አልኩ። አራት ዓመት የእናትህን ስልክ ቻልኩት፤ ስትሄድም ቻልኩት። ደግ ሴት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እሁድ ዕለት ያቺ ልጅ ዓይኗን እያሸች ስታወራኝ ግን ደግነቴን በዓይኔ አየሁት።

ማክሰኞ አላስተረጉምላትም። ሥራ አለኝ አልኳት እንጂ ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ መናገሩ ያንተ ነው። ኪኒኑን አሁኑኑ ታቁም። አንተም አብረሃት ግባ። አስተርጓሚውን ከክሊኒኩ ጠይቁ፤ ሐበሻም ይሁን፣ የፈለገውን ያውራ። እስከ ሰኞ ካልነገርካት እኔው እነግራታለሁ። ማስፈራራቴ አይደለም። በእኔ ቃል ሌላ ሴት እንድትታመም አልፈልግም።

ወረቀቱ ይኸው። በቢጫ ያሰመርኩበትን ብቻ እይ። ከሥሩ በስቴፕል የተያያዘው የእኔ ውጤት ነው፤ ልለየው ስል ያንተን ሊቀድብኝ ሆነ። እሱን ማንበብ ግድ አይልህም። ያንተን ግን ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ላስተርጉምልህ፣ ከራሴ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፦

«አዞስፐርሚያ፦ በናሙናው ውስጥ ምንም የወንድ ዘር አልተገኘም።

ይህ የመጨረሻ ውጤት አይደለም። ምርመራው ይደገም፤ የወንዶች ሐኪምም ይየው። በትንሽ ቀዶ ሕክምና ዘር ሊገኝና ልጅ ሊወለድ ይችላል።»

ሁለተኛውን መስመር የዋጥኩት፣ የመጀመሪያውን ሳልነግርህ እሱን ልነግርህ ስለማልችል ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ለመውለድ ገና ጊዜ ነበረኝ።

ለአንተና ለዊንታ ሚካኤል መንገዱን ይክፈትላችሁ። ወገብህን ጠብቅ። ለክርስትናው ባትጠሩኝ አልቀየምም፤ ብትጠሩኝ ግን እመጣለሁ።

ከዚያች ከአንዷ በቀር ያልዋሸችህ፣
አገሬ