የቀትር ውሃ

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት

ለጣውንቴ፣ ማጀቴ።

አሰላሙ አለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጨጓራሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ዝናቡ በእናንተ በኩል ጠብ ብሏል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለማሽላሽ አላህ ይድረስልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ ቀትር ሲሆን ጥላ ሥር ተጋድመው ሰው አንጭንም ይላሉ።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ሆሄው ቢጣመም አትሳቂብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ ወዲህ ነው። የቆጠርኩትም ለቁም ነገር አልነበረም፤ ባላችን ከአንቺ እየመጣለት ኪሱ ውስጥ አጥፎ የሚይዘውን ወረቀት ለማንበብ ነው። ባነበው ጨውና ሳሙና አምጣ ከማለት በቀር ምንም አላገኘሁበትም። ዐይኔን ያጠፋሁት ለዚያ ነው።

ሼህ አንዋር መልእክትሽን አድርሰውኛል። ሰውዬው ከጠፋ ዓመታት አለፉ፣ ሬሳ ባይኖርም የሩቅ ሶላት ይሰገድበት፣ እሷም ዒዳዋን፣ የሐዘን ቀኗን፣ ጨርሳ ታግባ፣ አንቺ ግን ታላቂቱ ነሽና እሺ በይ አሉኝ። በመጡ ቁጥር ሬሳ ሳላይ ሞተ አልልም እያልኩ ስመልሳቸው ኖሬአለሁ። የጀውሃ ወንዝ ሬሳ አይመልስም፣ አንቺ ሴት፣ ብለው ተቆጥተውኝም ያውቃሉ። አንቺም ምቀኛ እንደምትዪኝ ሰምቻለሁ። ዛሬ መልሴን እነግርሻለሁ፤ በፊት ግን የመኪናዋን ነገር ስሚኝ።

ያችን ቀይ መኪና ታውቂያታለሽ። ድሮ አዲስ አበባ ውድድር የሮጠች ናት እያለ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ በሯም ሁለት፣ ወንበሯም ሁለት የሆነች አሮጌ ገዝቶ የመጣ ጊዜ፣ ለሁለት ሚስት ባል ሁለት ወንበር ምን ያደርግለታል ብዬው ነበር። ተራ በተራ ትቀመጣላችሁ ብሎ ሳቀ። በእኔ ተራ ግን ሁልጊዜ ሞተሯ ይሞቅና ከመንገድ እንመለስ ነበር።

በዚያ ክፉ ኅዳር፣ ጦርነቱ ሲደርስብን ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ፣ ባላችን አንቺን ሊያወጣ ወደ ማጀቴ ነዳ። ያ ቀን የእኔ ተራ ነበር፤ ባታውቂው እወቂው። መኪናዋ ጀውሃ ድልድዩ አጠገብ ኮፈኗ እንደተከፈተ ተገኘች። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ወንበሩ ላይ፣ በታጠፈው ሽርጡ ላይ አስቀምጦታል። ቢጫው ጀሪካን የለም። ለሞተሩ ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ እንደ ወረደ ገባን። ሲወጣ ያየው ግን የለም።

አስጎትቼ አምጥቼ ማንጎው ሥር አቆምኳት። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ። ቀትር ላይ፣ አዛን ከመባሉ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ግቢው ጭጭ ይላል። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ብቅ ስል ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ጀሪካን ቆሟል፤ ቢጫ፣ እርጥብ፣ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ፣ ጎኑ በጋለ ብረት የተጣፈ። የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጄን ሥራ አልስትም። ሰግጄ ስመለስ ጀሪካኑ የለም። የራዲያተሩ ውሃ ግን እስከ አፉ ጢም ብሏል።

ለጎረቤቴ ለጣይባ ብነግራት፣ እትዬ ራስዎ ቀድተው ራስዎ ይደነግጣሉ፣ ፀሐዩ ናላዎን አዙሮታል አለችኝ። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል፤ ከየት ቀድቼ? አልኳት። በማግስቱ ቀትር ላይ እጇን ጎትቼ አምጥቼ ጀሪካኑን አሳየኋት። ዘንበል ባደርገው ከሥሩ የወንዝ አሸዋ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ወዲህ በቀትር በደጄ አታልፍም።

ለምን እንደሚመጣ ገባኝ። ሞተሩ ስለሚጠማ ነው። ያ ሰው የሚስቱን ተራ ይረሳ ይሆናል እንጂ የመኪናዋን ጥም አይረሳም። ጥሟን ባስቆርጥለት ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ ብዬ መካኒኩን አብዱረሂምን ጠራሁት።

አብዱረሂም አይቷት ሲስቅ ሲስቅ፣ እትዬ ይህቺን ከማሠራት ግመል ይግዙ፣ ግመል ውሃ አያስቸግርም አለኝ። የዘይቱን መለኪያ ሲመዘው እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ወጣ። የቴስታታዋ ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል አለ። በሞተሩና በክዳኑ መካከል የምትተኛ ስስ ነገር ናት፤ ውሃውን ከእሳቱና ከዘይቱ የምትለየው እሷ ናት። እሷ ስትነድ ሞተሩ ውሃውን ይጠጣዋል፤ መሬት ላይ ጠብ ሳይል ያልቃል።

ክዳኑን፣ ቴስታታ የሚሉትን፣ ፈትቶ ያወረደ ጊዜ ሳቁ ቆመ። ይህን ያህል ዓመት ያልተነሳ ሞተር ዝገት እንጂ ምን ይገኝበታል። ፒስተኖቹ ላይ ግን ጥርት ያለ ውሃ ተኝቷል። ጣቴን ነከርኩበት፤ በዚያ ሙቀት በረዶ ነው። ታቹ አሸዋ። ማን ነው የሚሞላው እትዬ? አለኝ። ባለቤቱ አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሠራው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቃረብ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ላጥ ይላል።

አዲሱ ጋርኒሲዮን አዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ተገኝቶ በአውቶቡስ መጣ። ቴስታታው በሙቀት ጠሞ ስለነበር ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላገው። ቡሎኖቹን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ከመሃል ይጀምርና አንዱን ትንሽ፣ ማዶ ያለውን ትንሽ፣ ደግሞ ይመለሳል። ለምን አንዱን አትጨርሰውም ብዬ ብጠይቀው፣ አንዱን አጥብቀን ሌላውን ካላላነው መልሶ ይነዳል እትዬ አለኝ። ለባላችን ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ተነሳች። ጭስ የለ፣ ፉጨት የለ። እስከ ጀውሃ ወስዶ መለሰኝ። በዚያ ወንበር ተቀምጬ ሞተሩ ሳይሞቅ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አብዱረሂም ቢስሚላህ ብሎ ፍጥነት ጨመረ። እኔ ወደ ወንዙ አየሁ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ውሃው ላይ ጎንበስ ብሏል። አቁም አልኩት። እዚህስ እናቴ ብትለምነኝም አላቆም አለ።

ጀሪካኑ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። ቀትር ላይ ወጥቼ ብቆም የጎማው ሥር አፈር ደረቅ ነው። በማግስቱም ደረቅ። ዶሮዎቹ በቀትር ግቢውን መጫር ጀመሩ። ጣይባ መጥታ፣ እሰይ፣ ተገላገሉ አለችኝ። እኔም ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ቤቱ እንዲህ ጭር ሲልብኝ በዚያ ኅዳር እንኳ አላውቅም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ለሼህ አንዋር እሺ ብያለሁ። ይሰገድበት። ዒዳሽን ቁጠሪና ያን የጠየቀሽን የማጀቴውን ነጋዴ አግቢ፤ ደግ ሰው ነው ይላሉ። ስለ ነፍሱ ለሚወጣው ሰደቃ ግን አትጠብቂኝ። አንድ ነገር ደግሞ እወቂ፤ ሌላ ካገባሽ ተራሽን ለቀቅሽ ማለት ነው። ከእንግዲህ ቀኑ ሁሉ የእኔ ነው። ኋላ ሐሳብሽን ቀይረሽ እንዳትመጪ።

ዛሬ ጠዋት የራዲያተሩን ማፍሰሻ ፈትቼ ውሃውን እስከ ጠብታው አፈሰስኩት። ከዚያ ቁልፉን አዙሬ አስነሳኋትና ተውኳት። ያለ ውሃ ብትሠራ አዲሱም ጋርኒሲዮን ይነዳል ብሎ አብዱረሂም አስጠንቅቆኝ ነበር። ስጽፍልሽ ሁሉ ድምጿ ይሰማኝ ነበር። አሁን አንዴ ጮኻ ጸጥ አለች፤ የተቃጠለ ሽታ እስከ መኝታዬ ገብቷል።

አላህ ትዳርሽን የሰመረ ያድርግልሽ። የወለድሽው ይደግልሽ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ። የቀረኝ ብዙ ነበር፤ ግን ዶሮዎቹ ወደ ጓዳ ገቡ። ባሌን ልቀበል።

ታላቂቱ፣ ጣውንትሽ የነበርኩት።