ከላውንደሪው ጀርባ ያለው ዘንባባ

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን የምጽፍልህ ላውንደሪው ውስጥ፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ቆሜ ነው። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። እናትህ ስሜን ትተው "ቅብጥብጧ" ማለት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ትናንት እራት ላይ ደጋግሜ ብድግ ስል "አንቺ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" አሉኝ። ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ብርዱ ይይዛቸዋል፤ ምላሳቸውን ግን ብርድም አይደፍረው። እኔም ደህና ነኝ፣ ከዚህ ቀጥሎ ከምነግርህ ነገር በቀር። ውሃ የሚያሞቅልን ቦይለር ስለተበላሸ ዛሬ ሥራ የለም። የጭነት መኪናው ሹፌር ነገ ወደ አንተ ይወርዳል፤ ደብዳቤውን በራስህ እጅ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

"ለምን በስልክ አልነገርሽኝም?" እንደምትል አውቃለሁ። በስልክማ መቼ አስወራኸኝ? ገና "ሃሎ" ሳልል "ቅጠሉስ?" ነው። እንዴት ዋልሽ የለ፣ እናቴስ የለ፣ "ቅጠሉስ?" ባለፈው ጉንፋን ጥሎኝ፣ ድምፄ ተዘግቶ ሳነጋግርህ እንኳን አልታወቀህም። "ቅጠሉ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ የታመምኩት" ስልህ ሳቅህ። ቀልድ መስሎህ ነው፣ አልፈርድብህም። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሆዴ ባባ፤ እናትህ እንዳያዩኝ ብዬ ጓሮ ወጣሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፤ አንተ የሰማኸው ቁርጥራጩን ነው። ሹፌሩ የላክሃቸውን ዘንባባዎች ያመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። አምስቱም ሥራቸው በኬሻ ተጠቅልሎ ከመኪናው ሲወርዱ፣ ጎረቤታችን አናጢው ዙሪያቸውን ዞሮ አያቸውና "እነዚህ የአሸዋ ልጆች እኛ ጭቃ ውስጥ ምን ሊሆኑ መጡ?" አለ። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር፣ አንተ ባልከው ምክንያት። ሆቴሎቹም ማዘጋጃ ቤቱም ለአዲሱ መንገድ ዘንባባ ይፈልጋሉ፣ ከሞቃት አገር የሚያስመጡት ሁሉ በመጀመሪያው ውርጭ ያልቃል፣ እዚሁ ብርዱን ለምዶ ያደገ ዘንባባ ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ሥራ አያጣም አልከኝ። "አንዱ እንኳን የውርጩን ወራት ካለፈ ውሌን አላድስም፤ መጥቼ ጓሮውን ችግኝ ጣቢያ አደርገዋለሁ። ሁሉም ከሞቱ ግን ለሦስት ዓመት እፈርማለሁ። እዚያ መጥቼ ምን እሠራለሁ?" አልክ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔም አላመንኩም፤ ግን ዶማ ይዤ ወጣሁ።

"ነፋስ እንዳይጥላቸው ጥልቅ አድርገሽ ቅበሪያቸው" ነበር ያልከው። እጄ እስኪላጥ ቆፈርኩ። የሆቴል አትክልተኛ ነህ፣ ሥራህን ታውቃለህ፣ ያልከውም ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ግን እዚያ፣ የሆቴልህ አሸዋ ላይ ነው። የእኛ ጓሮ መረሬ ነው። ረስተኸው ነው እንጂ፣ ሠርጋችን ሰሞን ጫማህን ውጦ ያስቀረብህ አፈር ነው። ዝናቡ ሲመጣ ጉድጓዶቹ ገንዳ ሆኑ። ከእርሻ ቢሮ የአፈር ባለሙያዋን ለምኜ አመጣኋት። ጭቃውን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ "እህቴ፣ ይሄ አፈር ውሃ ከያዘ አይለቅም። ቆፍረሽ አትትከዪ። ከመሬት በላይ ጠጠርና አሸዋ ቆልለሽ ጉብታው ላይ ትከዪ" አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እንጂ ልክ ነበረች። ሁለቱ ሥራቸው ጠቁሮ ነበር፣ አልዳኑም። ሦስቱን አውጥቼ ጉብታ ላይ ተከልኳቸው። ያኔ ለአንተ የነገርኩህ "ሁለቱ አልያዙም" ብዬ ብቻ ነው። አሸዋ ላይ ቆመህ ጭቃ ታዝዛለህ፣ የኔ ጌታ። እናትህን የትኛው ሐኪም ጋ እንደምወስዳቸው፣ የትኛው በር ቀለም እንደሚቀባ፣ ሁሉንም እንዲሁ ነው የምታዝዘኝ።

ከዚያ ውርጩ ገባ። እዚህ ላይ እናትህን እንዳትቆጣቸው አደራ። አንድ ጠዋት ጓሮ ብወጣ ሁለቱ ዘንባባዎች ከአናታቸው እስከ እግራቸው በላስቲክ ተጠቅልለዋል፤ በአንዱም ላይ አሮጌው ካፖርትህ ተደርቦ ሁለቱም በገመድ ጥፍር ተደርገው ታስረዋል። "ልጄ የላካቸው ናቸው፣ እንዴት በርዷቸው ይደሩ?" አሉ እናትህ። ሦስተኛው የቀረው ገመድ ስላለቀባቸው ነው። እኔም እሰይ አልኩ። ላስቲክ እንደማይተነፍስ እሳቸውም አላወቁ፣ እኔም አላወቅኩ። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያልበዋል፣ ሲመሽ ላቡ ይቀዘቅዝና ልቡ ላይ ይተኛል።

ቅጠሎቹ መገርጣት ሲጀምሩ ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ። ዘንባባ ልቡ አንድ ነው ብለኸኝ ነበር። ሌላ ዛፍ አናቱ ቢቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ ይሄ ግን አናቱ ላይ ያለው ልቡ ከበሰበሰ አለቀለት፣ ዳር ዳሩ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ቢያታልልም። መሃል ላይ ገና ያልተፈታውን፣ እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ ቀጥ ብሎ የቆመውን ቅጠል ያዢና ሳቢው፤ ከያዘ አለ፣ ከወጣ ሞቷል አልከኝ። ላስቲኩን ፈትቼ ሳብኩት። ያለ ምንም ትግል እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ፣ የከረመ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ይሸታል። ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር።

እናትህ ቅጠሉን ከእጄ ወሰዱና ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው?" አሉኝ።

"ብርዱ ነው፣ እማማ።"

"አትዋሺኝ።"

ቅጠሉን ሲያገላብጡት ቆዩና፣ "እንግዲህ ልጄን ያስቀረሁት እኔ ነኛ" አሉ።

አንጀቴን በሉት። አንዲት እናት "ልጄ የቀረው በላስቲክ ነው" ብላ ስታምን ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ አታውቀውም፤ እንድታውቀው ነው የጻፍኩልህ። ያን ዕለት ሐሳቤ ሁሉ እሳቸው ጋ ስለነበር ካውያውን የአንድ ዶክተር ነጭ ጋዋን ላይ ረሳሁት። አለቃዬ የተቃጠለውን ጀርባ ከፍ አድርጎ እያየ "በዚህ በኩል ይተነፍስበታል እንግዲህ" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

የቀረው አንድ ነው። ላውንደሪው ጀርባ፣ ቦይለሩ የተደገፈበት ግድግዳ ቀንም ሌትም ይሞቃል፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። አናጢውን በጋሪ እንዲያግዘኝ ለምኜ ዘንባባውን እዚያ ወሰድኩት። ጠጠር ቆልዬ ተከልኩት፣ ሥሩን ገለባ አለበስኩት፣ ቅጠሉን ማታ በኬሻ ላላ አድርጌ እያሰርኩ ጠዋት እፈታዋለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ "የከፈትኩት ላውንደሪ ነው ወይስ መናፈሻ?" ብሎ ነበር። አሁን ደንበኛ ሲመጣ ክንዱን ይዞ ወደ ጀርባ ይወስደውና "ዘንባባዬን አይተኸዋል?" ይላል።

እኔን ግን ዕረፍት ነሳኝ። ሸሚዝ አጥፌ ሳልጨርስ ወጥቼ አየዋለሁ። አንሶላ ዘርግቼ ወጥቼ አየዋለሁ። መሃል ቅጠሉን ልስበው እጄን ይበላኛል፤ እጄን ሰብስቤ እመለሳለሁ። እናትህ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አሥሬ ከሳብሽው ደህናውንም ትነቅዪዋለሽ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ልብ ተንጠልጥሎ እጅ እንዴት ያርፋል?

ያለፈው ሳምንት፣ ውርጩ ሊሰናበት ነው ስንል፣ ቦይለሩ ተበላሸ። አለቃዬ የሚጠግነውን ሰው እስኪያገኝ ግድግዳው ቀዝቅዞ ድመቶቹ እንኳን ጥለውት ሄዱ። ብርዱም ዘንድሮ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም፤ ጠዋት ስመጣ በረንዳው ላይ ረስተነው ያደረው የማጠቢያ ባልዲ ውሃው ጠጥሮ በረዶ ሆኖ ነበር። እናትህ ካፖርትህን ታቅፈው እስከ ላውንደሪው በር ድረስ መጡና እዚያው ቆሙ። "እኔ እጄን አላሳርፍበትም። አንቺ አልብሺው" አሉኝ። ከልጃቸው ዛፍ ፊት እንደ ጥፋተኛ ቆመው ሳያቸው ካፖርቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

አንተም ደወልክ። "ወሩ ሳያልቅ ወይ እፈርማለሁ ወይ እመጣለሁ። ሳቢውና ንገሪኝ" አልክ።

ዛሬ ጠዋት ኬሻውን ፈታሁ። ዳር ዳሩ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሏል፤ ያ ምንም አይደለም፣ ያ ይጠበቃል። መሃሉን ጨበጥኩት። ስንት ቀን ስትበላኝ የከረመች እጄ ልስበው ስል እምቢ አለችኝ። ምን እንዲሆን ነው የምፈልገው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ከያዘ ትመጣለህ። ስትመጣ ግን ለማን ነው የመጣኸው? አጠገብህ ተኝቼ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሳሰላስል ልኖር ነው። ከወጣ ደግሞ ትፈርማለህ፤ እኔም "ዘንባባው ሞቶ ነው እንጂ ይመጣ ነበር" እያልኩ ሦስት ዓመት ራሴን ላታልል ነው። መጀመሪያ የሄድክ ጊዜ ጣሪያው እስኪቀየር ነበር። ጣሪያው ተቀየረ። ቀጥሎ የውሃ ጉድጓዱ እስኪቆፈር አልክ። ተቆፈረ፣ ጠጣንም። አሁን ደግሞ ዘንባባ። ሁልጊዜ በአንተና በእኔ መሃል አንድ የሚወስንልህ ነገር ታቆማለህ፣ እኔም የቆመውን ስንከባከብ ዓመቱ ያልቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ተናደድኩ። በዛፉ አይደለም፣ እሱ ምን አደረገ? በአንተ ነው የተናደድኩት።

ከዚያ ሳብኩት።

የሆነውን አልነግርህም። መልሰህ አታንብበው፣ በትክክል ነው ያነበብከው። መሞቱንም መኖሩንም አውቃለሁ፣ ግን አልጽፈውም። ይያዝም ይውጣም "ይዟል፣ ና" ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ያን ብልህ ነገውኑ ሻንጣህን እንደምታነሳ ስለማውቅ ነው ብዕሩን ያስቀመጥኩት።

ስስበው እናትህ ጥጉ ላይ ቆመው ኖሯል።

"ምን አለ?" አሉኝ።

"አልናገርም።"

"ለእኔም?"

"ለእርስዎም። ከነገርኩዎት በስልክ ይነግሩታል።"

"እኔ ነኝ ምስጢር የማወጣው?"

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"

ሊቆጡ አሰቡና ተዉት። ግድግዳውን ተደግፈው "ልክ ነሽ። እኔ የወለድኩት ልጅ በዛፍ መጥቶ በዛፍ መቅረት የለበትም። ራሱ ይወስን። ያ ላስቲክም ከአንገቴ ይውረድልኝ" አሉ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና ቀስ ብለን አንድ ዙር በግቢው ተራመድን። ቅብጥብጧ አላሉኝም።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ወደ አለቃዬ ደውለህ ልታወጣጣው አትድከም፤ የጀርባውን በር ቆልፌ ቁልፉን እኔ ይዤዋለሁ፣ አናጢውም ቢሆን አያየውም። ስለ ጓሮው አታስብ። መረሬን እንዴት እንደሚገሩት አሁን አውቄዋለሁ፤ ብትመጣም ባትመጣም በሚቀጥለው ዝናብ ጉብታ ሠርቼ እተክላለሁ። አብረኸኝ ብትተክል ደስ ይለኛል። ደስ ይለኛል ብቻ አይደለም፤ አልጋው በአንተ በኩል ቀዝቃዛ ነው፣ ሰልችቶኛል፣ ሳቅህን በስልክ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ መስማት እፈልጋለሁ። ይህንን በፊት ልልህ ሲገባኝ ስለ ቅጠል ሳወራ ኖርኩ።

ከመጣህ የመጣኸው ለእኔ ነው። ከፈረምክም የተውከው እኔን ነው፤ በብርድ እንዳታመካኝ።

ሹፌሩ መልስህን እስክትሰጠው አንድ ቀን እንዲጠብቅህ ነግሬዋለሁ።

ሚስትህ